ትኩረቱ የሚስተካከል መነጽር፤ ታሪኩና ጥቅሙ

ይህን ጸሐፊ የቅየሳ ሥራ በመስክ ላይ ያስተማሩት አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ስማቸው ቢጠራ ከማኅበራችን አባላት መካከል የማያውቃቸው ጥቂት ነው፤ ሆኖም እንዳይጠራ ስለ ፈቀዱ አልጠራውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሕር ማዶ የምትኖር ልጃቸው በኢንተርኔት የገዛችውን አንድ መነጽር ላከችላቸው። መነጽሩ ከሌላው የሚለየው በሁለቱም ሌንሶች ጎን በጣት የሚዞር ትንሽ ቁልፍ ስላለው ነው። ቁልፉን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩት የጋዜጣው ፊደል ይጠራል፤ ወደ ሌላው ወገን ሲመልሱት ከመንገዱ ማዶ የተሰቀለው ማስታወቂያ ይነበባል።

እሳቸውም መነጽሩን አሳይተውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ቴዎዶላይት ነው! ዕድሜ ልኬን ሳዞረው የኖርሁትን ቁልፍ አሁን አምጥተው አፍንጫዬ ላይ አስቀመጡልኝ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ነህና እስቲ ንገረኝ፤ ይህ ነገር ገንዘብ የሚወጣበት ነው ወይስ መጫወቻ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ የችኮላ መልስ ነበር። መነጽሩን ገለባብጬ ካየሁ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እጅግ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ይጠቀሙበት» አልኋቸው። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ለማረም የተጻፈ ነው። በኋላ የደረሰውን ነገር በቦታው እናገራለሁ። አስቀድሞ ግን መሣሪያው ከየት እንደ ተነሣና በምን ጎዳና እዚህ እንደ ደረሰ መመልከት ይገባል፤ ታሪኩን ሳያውቁ በዋጋው ላይ መፍረድ አይቻልምና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓይን እርጅናና ስሌቱ

የሌንስ ኃይል የሚለካው በዳዮፕተር ነው። መለኪያውን በ1872 ያቀረበው ሞኖዬ የተባለ ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም ሲሆን፣ ስሌቱም ቀላል ነው፤ 1ን በሜትር ለተለካው የትኩረት ርቀት ማካፈል ነው። የትኩረት ርቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ሌንስ 2 ዳዮፕተር ኃይል አለው ማለት ነው። ጤናማ ዓይን ሩቁን ሲያይ ያርፋል፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተያዘ መጽሐፍ ለማንበብ ግን 2.5 ዳዮፕተር መጨመር አለበት። ይህን ጭማሪ የሚያመጣው በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ቅርጹን በመለወጡ መሆኑን እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ1801 በታተመ ጥናቱ አስረዳ፤ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝም በ1855 የአሠራሩን ስልት አብራራ።

የ10 ዓመት ልጅ ከ10 ዳዮፕተር በላይ መጨመር ይችላል። ነገር ግን ሌንሱ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ ችሎታው በየዓመቱ ይቀንሳል፤ በ60 ዓመት ገደማ የሚቀረው ወደ 1 ዳዮፕተር ብቻ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ጋዜጣውን ከዓይናችን እያራቅን፣ በመጨረሻ «እጄ አጠረብኝ» የምንለው ስለዚህ ነው። ይህ በሽታ አይደለም። ደሃና ሀብታም፣ የተማረና ያልተማረ ሳይለይ ለሁሉም የሚደርስ የዕድሜ ግብር ነው። ጉዳቱ የከፋ የሚሆነው ግን በእጁና በዓይኑ ለሚያድር ሰው ነው።

ሌንስን መክፈል

መነጽር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በኢጣልያ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ነው። ጆርዳኖ ዘፒሳ የተባለ መነኩሴ በ1306 በፍሎሬንስ ባሰማው ስብከት፣ የመነጽር ጥበብ ከተገኘ ገና 20 ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ መነጽሮች መኻላቸው ያበጠ፣ ለቅርብ ማያ ብቻ የሚሆኑ ነበሩ። ቢሆንም ያመጡት ለውጥ ቀላል አልነበረም። ቁም ጸሐፊው፣ አንጥረኛውና ልብስ ሰፊው ልምዳቸው በበሰለበት ዕድሜ ሥራቸውን ከመተው ተርፈው ተጨማሪ 20 ዓመት አገኙ።

ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ሌንስ ለአንድ ርቀት ብቻ የተበጀ ነው። ለንባብ የተሠራውን አድርጎ ቀና ያለ ሰው ሩቁን ደብዝዞ ያየዋል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሁለት መነጽር እያፈራረቀ ማድረግ ስለ ሰለቸው፣ የሩቁንና የቅርቡን ሌንስ በየግማሹ አስቆርጦ ባንድ ክፈፍ ውስጥ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አስገባ፤ ይህንንም በ1785 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ገልጾታል። ከዚያም በ1959 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ቤርናር ሜትናዝ በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር አጥፍተው፣ ኃይሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ የሚጨምር ሌንስ ቫሪሉክስ በሚል ስም ለገበያ አቀረቡ።

እነዚህ መፍትሔዎች ብልህ ቢሆኑም ሁሉም ሌንሱን ከፋፈሉት እንጂ አላንቀሳቀሱትም። ለእያንዳንዱ ርቀት የሚደርሰው ከመስተዋቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በግንባታ መወጣጫ ላይ የሚሠራ ባልደረባ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል፤ እግሩን የሚያሳርፍበትን ሳንቃ ለማየት ዓይኑን ወደ ታች ሲጥል የሚገጥመው ለንባብ የተሠራው ክፍል ስለሆነ ሳንቃው ይደበዝዝበታል። እንግዲህ የሌንሱን ሙሉ ስፋት ሳይከፍሉ ኃይሉን እንዳስፈላጊነቱ መለወጥ አይቻልምን? ጥያቄው ይህ ነበር። መልሱም በሁለት መንገድ መጣ፤ አንደኛው በማንሸራተት፣ ሁለተኛው በፈሳሽ ነው።

የፊዚክሱ ሊቅ ሁለት ሳህኖች

የመጀመሪያውን መንገድ የቀደዱት ሉዊስ አልቫሬዝ የተባሉት አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። እኚህ ሰው በ1968 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ፣ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ በራዳር እየተመሩ የሚያርፉበትን ዘዴ የፈጠሩ፣ በ1980ም ከልጃቸው ጋር ሆነው ዳይኖሶሮችን ያጠፋቸው ከሰማይ የወደቀ ታላቅ አለት ነው የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡ ናቸው። ስለ መነጽሩ ሌንስ በ1964 የፈጠራ መብት ጠይቀው በ1967 ተሰጣቸው።

የሐሳቡ ውበት በቀላልነቱ ነው። ሁለት ስስ ሳህኖች አሉ። የእያንዳንዱ ገጽ የተቀረጸው በሦስተኛ ደረጃ እኩልታ ሲሆን፣ የአንዱ ጉብታ የሌላው ጉድጓድ ነው። ልክ ለልክ ሲደራረቡ ጉብታውና ጉድጓዱ ስለሚጣፉ አንድ ላይ እንደ ተራ የመስኮት መስታወት ይሆናሉ። አንዱን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን በዚያው ልክ ወደ ግራ ሲያንሸራትቷቸው ግን የውፍረታቸው ድምር ከመኻል ወደ ዳር በርቀቱ ካሬ ልክ ይለወጣል፤ ይህም የሌንስ ቅርጽ ነው። በተቃራኒው ሲያንሸራትቷቸው ኃይሉ ተቀናሽ ይሆናል። ከሁሉም የሚያስደስተው ኃይሉ ከተንሸራተቱበት ርቀት ጋር በቀጥታ የሚመጣጠን መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዲት ተራ ብሎን ብቻ ታስፈልጋለች። አዛውንቱ አስተማሪዬ ያሳዩኝ መነጽር በዚህ ስልት የተሠራ ነበር።

ይሁን እንጂ በ1967 ይህን መሰሉን ገጽ በብዛትና በርካሽ ማውጣት ቀላል አልነበረም። የሌንስ ሠራተኛ መሞረጃ የለመደው ክብ ቅርጽ ነው፤ ሦስተኛ ደረጃ እኩልታ የሚያወጣው ገጽ ግን ተሽከርክሮ የሚገኝ አይደለም። ሐሳቡ በርካሽ መነጽርነት ገበያ ላይ ለመውጣት በኮምፒዩተር የሚመራውን የመቁረጫ መሣሪያና የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫውን ርቀቀት መጠበቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ አንባቢን ቆም ብሎ እንዲያስብ የምጠይቅበት አንድ ነገር አለ። የአልቫሬዝ ሌንስ በ1970ዎቹ ዓመታት ከሁሉ በፊት አገልግሎት ላይ የዋለው በሰው አፍንጫ ላይ አይደለም፤ በመርማሪው ክፍል ውስጥ ነው። አልቫሬዝና ባልደረባቸው ዊልያም ሃምፍሪ ባቋቋሙት ድርጅት በተሠራ የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ ገባ። የተመርማሪውን ልክ ለማግኘት ሌንስ እያወጡ ሌንስ ከማስገባት ይልቅ መርማሪው ቁልፍ እያዞረ ልኩን ያገኝ ጀመር። ይኸውም ሌንሱ በመጀመሪያ ያገለገለው ባለሙያውን ነው፤ ባለሙያውን ሊተካ ግን አልሞከረም። ይህን ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ።

የኦክስፎርዱ ዘይት

ሁለተኛው መንገድ የተፈጥሮ ዓይን ራሱ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ይኸውም የሌንሱን ቅርጽ መለወጥ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ጆሽዋ ሲልቨር በ1985 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሲወያዩ፣ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ ሰው በገዛ እጁ የሚያስተካክለው ሌንስ ሊሠራ ይቻል እንደሆነ አሰቡ። የሠሩትም ነገር በሁለት ስስ የፕላስቲክ ሽፋኖች መካከል የሲሊኮን ዘይት የተሞላ ክብ ሌንስ ነው። በጎን በኩል ትንሽ መርፌ ተያይዟል። ዘይት ሲጨመር ሽፋኑ ያብጣል፤ ሲቀነስ ይሰረጉዳል። ልኩ ከተቀነሰ 6 እስከ ተደመረ 6 ዳዮፕተር ይደርሳል። ባለቤቱ አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው እያየ ያስተካክላል፤ ሲጠራለት መተላለፊያውን በብሎን ዘግቶ መርፌውን ይነቅላል። ከዚያ በኋላ መነጽሩ እንደ ማንኛውም መነጽር ነው።

በጋና አንድ ልብስ ሰፊ መርፌ ላይ ክር መክተት አቅቶት ገና በጎልማሳነቱ ሥራውን ትቶ ነበር። ይህን መነጽር አጥልቆ ዘይቱን ሲያስተካክል መርፌው ታየው፤ ወደ መኪናውም ተመለሰ። ሲልቨር ይህን ካዩ በኋላ ዓላማቸው ሰፋ። በ2008 ገደማ ወደ 30,000 የሚደርሱ መነጽሮች በ15 አገሮች ተሠራጭተው ነበር። እስከ 2020 ድረስም ለ1 ቢሊዮን ሰዎች ለማዳረስ አቅደው ነበር። ምክንያታቸው ጠንካራ ነበር፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ልክ የሚያወጣ ባለሙያ ለሕዝቡ ብዛት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ባለሙያው እስኪደርስ ቢጠበቅ ትውልድ ያልፋል የሚል ነበር።

ሰው በራሱ እጅ ልኩን ሊያገኝ መቻሉም በጥናት ተረጋግጧል። በ2011 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በደቡባዊ ቻይና ገጠር ከ12 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 554 ተማሪዎች መርምሯል። ተማሪዎቹ ይህን ፈሳሽ ሌንስ ራሳቸው ካስተካከሉ በኋላ ከ100ው ከ90 የሚበልጡት ጥሩ የማየት ደረጃ ላይ ደረሱ። እንግዲህ የፊዚክሱ ጥያቄ ተመልሷል፤ ሌንሱ ይሠራል፣ እጅም ያስተካክላል።

ታዲያ 1 ቢሊዮኑ የት ቀረ?

2020 መጣ፤ አለፈም፤ 1 ቢሊዮን ሰው ግን አልደረሰም። ምክንያቱን ስንመረምር አንዱም የፊዚክስ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ ፈሳሽ የሚይዝ ሽፋን በእኩልነት እንዲያብጥ ክብ መሆን አለበት። ስለዚህ ክፈፉ ወፍራምና ክብ ሆነ፤ ደሃም ቢሆን ፊቱ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ምርጫ አለው። ሁለተኛ፣ የዚያን ጊዜ ዋጋው ወደ 19 ዶላር ነበር። ሦስተኛና ዋነኛው ምክንያት፣ ኃይሉ የማይለወጠው ተራ የንባብ መነጽር በዚያው ዘመን ዋጋው እጅግ መርከሱ ነው።

ለባለጸጎች የተሠሩትም የተሻለ ዕድል አልገጠማቸውም። እስቲቨን ከርቲን የተባሉት አሜሪካዊ ፈጣሪ ከአፍንጫው ድልድይ ላይ በሚንሸራተት ቁልፍ የሚሠራ፣ ከፊቱ ጠንካራ ሌንስ ከኋላው ፈሳሽ ያለው መነጽር ሱፐርፎከስ በሚል ስም በብዙ መቶ ዶላር ይሸጡ ነበር። የተጠቀሙበት ሰዎች ቢያመሰግኑትም ድርጅቱ በ2014 ሥራውን አቆመ። በኤሌክትሪክ ኃይል ትኩረቱን የሚለውጥ መነጽር በ2011 ገበያ ላይ ያዋለው ፒክስል ኦፕቲክስ የተባለው ድርጅትም በ2013 ከሰረ። ዛሬ በኢንተርኔት በብዛት የሚሸጡት በአብዛኛው የአልቫሬዝን ሳህኖች በፕላስቲክ ያባዙ፣ ዋጋቸውም ዝቅ ያለ ናቸው።

በአንጻሩ ተራው የንባብ መነጽር ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በ2018 ይፋ በሆነ ጥናት በሕንድ አገር በአሳም 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች፣ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያላነሰ፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። መነጽር ወዲያው የተሰጣቸው ወገኖች ካልተሰጣቸው ይልቅ በሥራ ውጤታቸው የ21.7 በመቶ ብልጫ አሳዩ። በባንግላዴሽ ተካሂዶ በ2024 የታተመ ተመሳሳይ ጥናትም የንባብ መነጽር ያገኙት ሠራተኞች ገቢ በ33 በመቶ ገደማ መጨመሩን አሳይቷል። ይህን ያደረገው ቁልፍ የሌለው፣ ዘይት የሌለው፣ ከ700 ዓመት በፊት ኢጣልያኖች ከሠሩት በመሠረቱ የማይለይ ሌንስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ዘገባ 826 ሚሊዮን ሰዎች ለቅርብ ማያ የሚሆን መነጽር አጥተው እንደሚኖሩ ገምቷል። ችግሩ ፈጠራ ማጣት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

የጠራ ምስልና ትክክለኛ ንባብ

አሁን ወደ አስተማሪዬ ነገር ልመለስ። መነጽሩን ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተጠቀሙበት። በየጥቂት ወሩ ባገኘኋቸው ቁጥር ስለ መነጽሩ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ጥሩ ነው፤ ለሩቁ ትንሽ ወደ ተቀናሹ ወገን መጨመር ያስፈልገዋል እንጂ» ይሉኛል። አንድ ቀን ደግሞ እጅግ ደስ ብሏቸው፣ ጋዜጣ ያለ መነጽር ማንበብ እንደ ጀመሩ አጫወቱኝ። «ወጣትነቴ ተመለሰ» አሉ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ያ ሣቅ ዛሬም ይቆጨኛል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ በሌንሱ መኻል ሲጀምር ሌንሱን ያጠነክረዋል፤ ብርሃን የመስበር ኃይሉም ይጨምራል። ስለዚህ ሰውየው ሩቁ ይደበዝዝበታል፤ ቅርቡ ግን ለጊዜው ይጠራለታል። ወደ ተቀናሹ የተደረገው እያንዳንዱ የቁልፍ መዞር የግርዶሹን እድገት የሚለካ ንባብ ነበር፤ እኛ ግን ንባቡን እንደ ማስተካከያ እንጂ እንደ ምልክት አልቆጠርነውም። ተራ መነጽር ቢሆን ኖሮ በ6 ወር ውስጥ አላሳይ ብሎ ወደ ሐኪም ያስኬዳቸው ነበር። ይህ መሣሪያ ግን ታዛዥ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ሸፈነላቸው።

በመጨረሻ ቁልፉ መዞር ሲያቆም ወደ ዓይን ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው ሄድሁ። ግርዶሹ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በዚያው ምርመራ ሌላ ነገር ተገኘ፤ በግራ ዓይናቸው ግላኮማ ነበር። ይህ በሽታ የእይታን መኻል ትቶ ዳር ዳሩን በዝምታ ይበላል፤ ሰውየው የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታች እያነበበ የጎኑን ዓለም ያጣል። የጠፋውም አይመለስም። ሐኪሙ አስቀድሞ ቢደረስበት በጠብታ ሊገታ ይችል እንደነበር ነገሩን። አስተማሪዬ ከሐኪሙ ክፍል ስንወጣ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ «አየህ ልጄ፣ ትኩረቱን ሳጠራ ኖርሁ እንጂ ቤንችማርኩን አልተመለከትሁም» አሉኝ።

ይህን ንግግር የቅየሳ ባለሙያዎች ሁሉ ይረዱታል። የሌቭል ምስል እንደ መስተዋት ጠርቶ፣ የመስቀሉም ክር ጉልህ ሆኖ፣ መሣሪያው ግን ከአግድም መስመር የወጣ ሊሆን ይችላል። የጠራ ምስል ትክክለኛ ንባብ ማለት አይደለም። ስለዚህም ነው በሁለት ችካል መካከል የምንፈትሸው፣ ወደ ታወቀ ነጥብም ተመልሰን የምንዘጋው። በዓይን ላይ ይህን የሚያደርገው ምርመራ ነው፤ ቁልፍ አይደለም።

የአገራችንም አኃዝ ይህንኑ ይናገራል። በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት የዓይነ ሥውርነት መጠን 1.6 በመቶ፣ የእይታ መድከም 3.7 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከእይታ መድከሙ 33.4 በመቶው የሌንስ ልክ ጉድለት ነው፤ ማለትም ሲሶው በመነጽር የሚቃና ነበር። ከዓይነ ሥውርነቱ ግን 49.9 በመቶው በሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ የመጣ ሲሆን፣ በመነጽር የሚቃናው 7.8 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ቁልፍ የሚዞርበት መነጽር በመጀመሪያው አኃዝ ላይ ይረዳል፤ በሁለተኛው ላይ ሊያዘናጋ ይችላል።

ለሚገዛ ሰው

ስለዚህ ጥያቄው «ይገዛ ወይስ አይገዛ» ከሆነ መልሴ እንደሚከተለው ነው። ለመጠባበቂያ፣ በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ለሚቀመጥ፣ የተለያየ ርቀት ባለው የእጅ ሥራ ላይ ለአጭር ጊዜ ለሚደረግ፣ ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ ልኩ እስኪረጋ ለሚያገለግል ይገዛ። መኪና ለመንዳት፣ መወጣጫ ላይ ለመውጣት፣ ቀኑን ሙሉ ለማድረግ አይገዛ። የአልቫሬዝ ሳህኖች በጥራት የሚያሳዩት በመኻል ነው፤ ዳር ዳሩ ይጣመማል። በተጨማሪም ሁለት ሳህን አራት ገጽ አለው፤ ያልተቀባ ገጽ እያንዳንዱ ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህል ስለሚመልስ፣ ተራው ሌንስ 92 በመቶ ሲያሳልፍ ይህ 85 በመቶ ገደማ ብቻ ያሳልፋል። በሳህኖቹ መካከል አቧራ ይገባል፤ በማታም የመብራት ነጸብራቅ ይበዛል።

አስቲግማቲዝም ያለበት ሰውም ከእንዲህ ያለው ርካሽ መነጽር ብዙ አይጠብቅ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያለውን ጉድለት ቁልፉ አያቃናም። የሁለቱ ሌንሶች መኻል ከባለቤቱ ብሌኖች ጋር ካልገጠመም ዓይን ይደክማል። ለምሳሌ ያህል በ4 ዳዮፕተር ኃይል ላይ የ5 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ቢኖር፣ 0.5 በ4 ሲባዛ 2 ይሆናል፤ ይህም ጨረሩ በ1 ሜትር ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ይጣመማል ማለት ነው።

የገዛም ሰው በቤቱ ሊፈትሸው ይችላል። ቁልፉን ወደ ተደማሪው ወገን አዙሮ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ አጠገብ ሌንሱን ይያዝ፤ የሩቁ ዛፍ ወይም ሕንፃ ምስል ግድግዳው ላይ እስኪጠራ ያርቀው። ርቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኃይሉ 2 ዳዮፕተር ነው። ሁለቱ ሌንሶች በእኩል ምልክት ላይ እኩል ካላሳዩ ዕቃው ወደ መጣበት ይመለስ። ሲያደርገውም ሁልጊዜ ከተደማሪው ጫፍ ጀምሮ ወደ ተቀናሹ ያምጣና ምስሉ ልክ እንደ ጠራ ያቁም። ከዚያ አልፎ ቢሄድ፣ በተለይ የወጣት ዓይን በራሱ ጉልበት እያካካሰ ጥራቱን ስለሚጠብቅ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ይጫንበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ቁልፉ ያረፈበትን ቦታ ይጻፍ። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ቀን፣ ቀኝ፣ ግራ ብሎ ይመዝግብ። በዓመት ውስጥ ቦታው ከተለወጠ ያ ለውጥ መሣሪያውን ለማስተካከል ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ የሚል ማስታወቂያ ነው። ዕድሜው 40 ዓመት ያለፈ ሰውም ቁልፉ ቢለወጥም ባይለወጥም የዓይኑን ግፊትና የእይታውን ዳር ያስለካ።

አልቫሬዝና ሲልቨር የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። አንዱ ሁለት ሳህን፣ ሌላው አንድ ጠብታ ዘይት ይዘው የ700 ዓመት ጥያቄ መልሰዋል። ነገር ግን የአልቫሬዝ ሌንስ አስቀድሞ የገባበት ቦታ ትክክለኛው ቦታ ነበር፤ በመርማሪው እጅ። አስተማሪዬ ዛሬም ያን መነጽር አልጣሉትም። በመሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ ከቀድሞው ሌቭላቸው አጠገብ ያስቀምጡታል፤ የተሰበረ የሰዓት ማሰሪያ ሲጠግኑ ያወጡታል። በየ6 ወሩም ወደ ሐኪም ሲሄዱ፣ «ቤንችማርክ ልዘጋ ነው» ብለው ይደውሉልኛል፤ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።